«ፈታ» ስለሚለው ቃል

ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና በቅሎ ጭኖ የሚወርድ ሰው ገበያ ሲደርስ የጭነቱን ገመድ ይፈታል። ቸኩሎ ቢቈርጠው ጭነቱ ይወርድለታል፤ ለመመለሻው ግን ገመድ አይኖረውም። እኛም «ሕልም ፈታ»፣ «እንቆቅልሽ ፈታ»፣ «ምስጢር ፈታ» ስንል የምንናገረው በዚሁ በገመዱ ቃል ነው።

ሥሩ በግእዝ «ፈትሐ» ሲሆን፣ ትርጓሜው ከፈተ፣ ከእስራት ለቀቀ፣ ፈረደ ማለት ነው። ዐማርኛ መጨረሻውን «ሐ» አስቀርቶ «ፈታ» አለ። የዳኛው ፍትሕ፣ ካህኑ ለሙታን የሚያደርሰው ፍትሐት፣ የባልና የሚስት ፍቺ፣ የቃልም ፍቺ ሁሉም ከዚህ ከአንዱ ሥር የወጡ ናቸው። በዕብራይስጥና በዐረብኛም ይኸው ሥር መክፈትን ያመለክታል። ሆኖም ዮሴፍ በወህኒ የእስረኞቹን ሕልም በፈታበት ስፍራ ዕብራይስጡ የሚለው «ፓታር» ሌላ ቃል ነው፤ መጨረሻው ፊደል «ረ» እንጂ «ሐ» አይደለምና የድምፁ መቀራረብ አያስተን። ለእኛ አነጋገር ይልቁን የሚቀርበው በትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 5 ያለው ነው። የባቢሎን ጠቢባን በግድግዳው ላይ የታየውን ጽሕፈት ማንበብ በተሳናቸው ጊዜ፣ ንግሥቲቱ ዳንኤልን ቋጠሮ የሚፈታ ብላ አመሰገነችው። ነቢዩም አስቀድሞ ጽሕፈቱን አነበበ፤ ከዚያ በኋላ ፍቺውን ተናገረ። ማንበብ ሌላ፣ መፍታትም ሌላ እንደ ሆነ ከዚህ እንረዳለን።

ይህን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። የግእዙን ቃል በዛሬው ዐማርኛ የሚፈቱ ደቀ መዛሙርት ያጋጥሙናልና። ግእዝ «ፈከረ» ሲል ተረጐመ፣ ገለጠ ማለቱ ነው፤ ድምፁ ግን ለ«ፎከረ» ስለሚቀርብ ብዙዎችን ያሳስታል። በመዝሙረ ዳዊት መጀመሪያ ላይ «ፍካሬ» የሚለውን እንዲህ አድርጎ የሚፈታ ሰው ጻድቃንን ፎካሪዎች ሊያደርጋቸው ነው! አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የደከሙበት፣ ደስታ ተክለ ወልድም ከፍጻሜ አድርሰውት በ1948 ዓ.ም. የታተመው መዝገበ ቃላት ቃሉን ከነሥሩ የሚያሳየው ስለዚህ ነው፤ ከእጃችን ሊለይ አይገባም።

በዚህች ከተማ አንድ እንግዳ፣ «አባታችን፣ ሲና የሚባለው ደብር የትኛው ነው? ልሳለመው ነበር» ብሎ ጠየቀን። ፊደሉን አንብቦታል፤ ስሙን ግን አልፈታውም። ደብር በግእዝ አስቀድሞ ተራራ ማለት እንደ ሆነ፣ ደብረ ሲናም መባሉ ሙሴ ሕግ የተቀበለበትን ተራራ የሚያስታውስ እንደ ሆነ ነገርነው።