ጓዳሽን ስትሞዪ ወፍጮውን አስቢ

ቆይ እህቴ፣ ያንን ጆንያ ከግድግዳው አላቅቂልኝ። ክረምት ሲገባ ደባርቅ ላይ ግድግዳው ራሱ ያልበዋል፤ የተጠጋው እህል ይሻግታል። ከሥሩ ርብራብ አድርጊለት፣ እጅሽ ዞሮ እንዲጠርግም ክፍተት ተዪ። የሻገተውን ደግሞ አጥቤ እፈጨዋለሁ እንዳትዪ፤ የሻጋታው መርዝ በመታጠብም በመጋገርም አይለቅም።

ሁለት ኩንታል ገብስ አስገብተሽ ልብሽ ማረፉ ጥሩ ነው። ለተቸገረ ሰው በወር የሚሰፈረው ራሽን ለነፍስ ወከፍ 15 ኪሎ እህል፣ አንድ ኪሎ ተኩል ጥራጥሬና ግማሽ ሊትር ገደማ ዘይት ነው። ለአምስት ነፍስ 75 ኪሎ መሆኑ ነው፤ ስለዚህ ሁለት ወር ከምናምን ይዘሻል። ግን እኛ አገር ክፉ ቀን ሲመጣ ቀድሞ የሚቋረጠው እህሉ አይደለም፣ ወፍጮው ነው። መብራት ከጠፋና ከጎንደር ናፍጣ መምጣቱን ካቆመ ወፍጮ ቤቱ ይዘጋል። ከዚያ እንጨት ይወደዳል። በነሐሴ 2013 መጨረሻ የሰሜኑ ጦርነት ዳባት ወረዳ ጭና ሲደርስ ስንቱ ቤቱን ጥሎ ወጣ። ጥሬ ገብስ ተሸክሞ የወጣ ሰው ምጣዱንና ማገዶውን ከየት ያመጣል?

ስለዚህ ከገብሱ ሩቡን አሁኑኑ ቁዪና በሶ አስፈጪው። በሶ እሳት አይፈልግም። በውሃና በጨው ታሽቶ ይበላል፣ ተበጥብጦ ይጠጣል፤ ጾም ቢሆን ፍስክ፣ ልጅ ቢሆን ሽማግሌ አይመርጥም። ትንሽ ዘይት ወይም ቅቤ ከጨመርሽበት ያቆማል። ቆሎም እንዲሁ። ክዳኑ በሚገጥም ባልዲ አድርጊውና በር አጠገብ አስቀምጪው፣ ከጓዳው መጨረሻ አይደለም።

ባቄላና አተሩንም ሁሉንም በጥሬው አታከማቺ። ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር በላይ ነው፤ እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ጥራጥሬው እንጨት ጨርሶም አልበስል የሚልሽ ለዚህ ነው። ንፍሮ ስትፈልጊ ማታውኑ ዘፍዝፊው፤ የቀረውን ቆልተሽ፣ ከክተሽ ሽሮ አድርጊው። ሽሮ በጥቂት ጭራሮ ይደርስልሻል። ለዘወትሩም ወጥ ያው ስለሆነ እየተበላ ይታደሳል፤ አዲሱን ከሥር፣ የቆየውን ከላይ። የክፉ ቀን እህል ተብሎ ሳይነካ የሚቀመጥ ነገር የነቀዝ ቀለብ ነው።

ስለ ነቀዝ ካነሳሁ ጤፍን አይደፍረውም፤ ቆላና ወይና ደጋ ከሚወርድ ሰው ጤፍ ስታገኚ ለረጅም ጊዜ የምታስቀምጪው እሱን ይሁን። በጥሬው የምታቆዪውን ጥራጥሬ ግን ፀሐይ ላይ በደንብ አድርቀሽ አየር በማያስገባ ከረጢት እሰሪው። ያቺን የእህል ክኒን ግን እባክሽ፣ ሰው በሚተኛበት ቤት እንዳታስገቢ። ከክኒኑ የሚወጣው ጋዝ ሽታው ሳይታወቅ በእንቅልፍ ልብ ይገድላል። አንድ ክፍል ቤት ላለው ሰው ክኒን የለም፤ በቃ።

ጨው አዮዲን ያለበትን ግዢ። ደጋ ላይ እንቅርት የሚበዛው አዮዲን ከአፈሩ ስለሚታጠብ ነው። በክዳን ይዘሽ ከጭስና ከፀሐይ አርቂው፣ ወጥ ውስጥም ሲወርድ ጨምሪው። ሁለት ጄሪካን ውሃ ሁልጊዜ ሙሉ ይሁን፤ በሶው ያለ ውሃ ዱቄት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ድርቅ ሲመታ፣ በጃናሞራና በበየዳ ወገን በ2015 እና 2016 እንደታየው፣ ገበያ ላይ ርካሹ ጓያ ይሆናል። ጓያ ድርቅ ይችላል፣ ለዚህም ነው የሚያታልለው። ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን እግር ይይዛል፤ ሽባነቱም አይመለስም። ደንቢያ ይህን በደንብ ያውቃል። ሌላ ከጠፋ እንኳ ዘፍዝፈሽ፣ ውሃውን ደጋግመሽ ደፍተሽ፣ ከገብስ ጋር አደባልቀሽ ጥቂት ብቻ።

የጎደለሽን በነሐሴ ልግዛ አትበዪ፣ ያኔ ዋጋው ጣሪያ ነው። አውድማ ሲነሳ፣ ከታኅሣሥ እስከ ጥር ግዢው፤ በሶውንም ፀሐይ ሳለ ቆልተሽ ጨርሺው።