ማስታወቂያውን ሳትለጥፊ

እስቲ ለሕፃናት ማቆያሽ ካዘጋጀሽው ማስታወቂያ እዚች መስመር ላይ ቆም በይልኝ። «ከ3 ወር ጀምሮ ሕፃናት እንቀበላለን» ብለሽ ጽፈሻል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ 1156/2011 ማለቴ ነው፣ ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ ደግሞ 90 ቀን ይሰጣታል። ሐኪም በበኩሉ እስከ 6 ወር ጡት ብቻ ነው የሚላት። በመሀል የቀረው 3 ወር ነው አንቺ በር ላይ የሚመጣው። የመንግሥት ሠራተኛ ብትሆን መሥሪያ ቤቷ ማቆያ እንዲያዘጋጅላት በሕግ ተደንግጓል። የግል ድርጅት ተቀጣሪዋ ወይም ሱቅ ያላት የጀሞ እናት ግን የት ትሂድ? አንገቱ በቅጡ ያልጸና ልጇን፣ ሆዷ እየባባ፣ ላንቺ ልትሰጥሽ ነው።

ስለዚህ ከገንዘቡ በፊት ስለ ልጆቹ ቁጥር እንነጋገር። ዓመት ያልሞላቸው ከሆኑ ለብቻሽ ከሦስት በላይ አትያዢ። እሳት ቢነሳ ከሁለተኛ ፎቅ ስንቱን ታቅፈሽ ትወርጃለሽ? አራተኛዋ እናት ብትለምንሽም፣ ብታለቅስብሽም፣ አጋዥ እስክትቀጥሪ ድረስ እንቢ በይ። አውቃለሁ፣ ይከብድሻል፤ አንቺ ሰው ማስከፋት አትችዪም።

እናትየዋ ያለበችውን ወተት ስታመጣ ጡጦው ላይ የልጁን ስም፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጻፊበት። አዲስ የታለበ ወተት ውጭ ከ4 ሰዓት፣ ፍሪጅ ውስጥ ከ4 ቀን በላይ አይቆይም። መብራት ከጠፋ የጠፋበትን ሰዓት ያዢ። ስታሞቂው ጡጦውን ለብ ያለ ውኃ ውስጥ አቁሚው እንጂ እሳት ላይ እንዳትጥጂው። ልጁ ጠጥቶ ያስተረፈውን ለማታ አታቆዪ።

ስታስተኚያቸው በጀርባቸው ይሁን። ማር ዓመት ላልሞላው ልጅ በጣትሽ እንኳ አታልሺው፤ አክስቶቻችን ምን ቢሉ። ቆሎና ለውዝም ከትንንሾቹ ይራቅ። ቡና ስታፈዪ ከሰሉ እነሱ የተኙበት ክፍል አይግባ፤ ጭሱ ባይታይም ይገድላል። ውኃ በፈረቃ ስለሆነ ባልዲና ሳፋ ሞልተሽ ማስቀመጥሽ አይቀርም። ክደኚው፣ በሩንም ቆልፊው። የሚድህ ልጅ በትንሽ ውኃ ይሰጥማል። በረንዳውን ደግሞ እኔው መጥቼ ካላየሁት አትጀምሪም።

ግድግዳውን ቀለም ከመቀባትሽ በፊት ወረዳ ሂጂ። ንግድ ጽሕፈት ቤቱም ሴቶችና ሕፃናትም ምን እንደሚጠይቁ በጽሑፍ ተቀበዪ። ለሕንፃው ኮሚቴ አስቀድመሽ አሳውቂ፣ አከራይሽም መፍቀዱን ውሉ ላይ ያስፍርልሽ። ለቅሶ የሰለቸው ጎረቤት አንድ ቀን ሊያዘጋብሽ ይችላል።

ክፍያ በወሩ መጀመሪያ፣ በቴሌብር፣ ደረሰኙም ተይዞ። ልጁ በቀረበት ቀን ይቀነሳል ወይስ አይቀነስም? ጳጉሜስ? ደመወዝ በማይከፈልባት ጳጉሜ አንቺ ግን ሕፃን ስታዝዪ ትውያለሽ፤ መስከረም ላይ ከመኳረፍ ዛሬ ጻፊው። የመረከቢያ ሰዓትም እንደዚሁ። ከሜክሲኮ ወደ ጀሞ የሚመጣ ታክሲ ሰልፉ ምን ያህል እንደሚያቆም ታውቂያለሽ፣ ወላጆቹ ላይ አትጨክኚ። ግማሽ ሰዓት ታገሺ፣ ከዚያ በኋላ ግን ይከፈልበት። «የጎረቤት ልጅ ነው» ብለሽ በነፃ የምትይዢው ካለ ደግሞ የምታሳዝኚው ከፋይዋን እናት ነው፤ ከልጇ እጅሽን እየቀነስሽባት ነውና።

የክትባት ካርዱን ኮፒ ያዢ። ማን መጥቶ ልጁን እንደሚወስድ በስምና በፎቶ ይመዝገብ፤ አባትም ቢሆን ካልተመዘገበ ወደ እናትየዋ ሳትደውዪ አትስጪ። ልጁ ወድቆ ግንባሩ ካበጠ ደግሞ ማታ ኮፍያ አድርገሽለት እንዳትጠብቂያት። ያኔውኑ ደውዪላት፣ በስንት ሰዓት፣ የት፣ እንዴት እንደወደቀ ሳትደብቂ ንገሪያት፣ ደብተርሽም ላይ አስፍሪው።