የጮቄ አፈር ወዴት ይሄዳል?

በ1999 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረው ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ትልቅ ጎረቤት አለው፤ እሱም ጮቄ ተራራ ነው። ከፍታው ወደ 4,100 ሜትር ይጠጋል፤ ወንዞቹም ዓባይን ይመግባሉ። ለመሆኑ በክረምት ለምን ይደፈርሳሉ? አስታው ተመንጥሮ ተዳፋቱ ለገብስና ለድንች ስለታረሰ፣ ዝናቡ አፈሩን ጠርጎ ዓባይ ይከተዋል። የዩኒቨርሲቲው ምሁራን ይህን አጥንተዋል፤ ለገበሬው ልጅ የሚያደርሰው ግን መምህር ነው።

ዘዴው ቀላል ነው። በአንድ ጎን የተከፈቱ ሁለት ሣጥኖችን አዘንብሎ፣ በአንዱ ባዶ አፈር፣ በሌላው ሣር የበቀለበት አፈር አድርጎ ውሃ ማፍሰስ። ከባዶው ጭቃ፣ ከሣሩ ጠራ ያለ ውሃ ይወርዳል። ሥሩ አፈሩን ይዞታላ!

እንግዲህ በየገጠሩ ስንመደብ ችግኝ ተክሎ መሄድ ብቻ አይበቃም፤ ከብት እንዳይበላው ማጠር፣ በበጋም ማጠጣት አለብን።