ከገበያ የመጣች ዶሮ

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ከጂንካ የቅዳሜ ገበያ ሁለት ዶሮ ገዝቼ ከነባሮቹ ጋር ቀላቀልኩ። በሳምንቱ ኩሳቸው አረንጓዴ ሆነ፤ የአንዷ አንገት ተጣመመ፤ አራቱ ሞቱብኝ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ምልክቱ ፈንግልን ይመስላል። የሚያረጋግጠው ላቦራቶሪ ቢሆንም እርምጃውን ዛሬውኑ ይጀምሩ። በሽታው የቫይረስ ስለሆነ ፈዋሽ መድኃኒት የለውም፤ ቴትራሳይክሊን በጥብጦ ማጠጣት ገንዘብ ማባከን ነው። የሞቱትን ለውሻ ሳይጥሉ በጥልቅ ጉድጓድ ይቅበሩ። የታመሙትን ይለዩ፤ እባክዎ ገበያ አያውጧቸው፤ በሽታው እርስዎም ቤት የገባው በዚሁ መንገድ ሳይሆን አይቀርም። የዶሮ ቤቱን በበረኪና ከማጽዳትዎ በፊት ኩሱን ጠርገው በሳሙና ይጠቡ፤ ኩስ ላይ የፈሰሰ በረኪና ጉልበቱን ያጣል። ጫማዎንም ይጠቡ።

ወደፊት አዲስ ዶሮ ሲገዙ ቢያንስ 2 ሳምንት በተለየ ቤትና በተለየ የውሃ ዕቃ ያቆዩ። ዋናው መከላከያ ግን ክትባት ነው። ቢሾፍቱ ከሚመረቱት መካከል ሙቀትን የሚቋቋም ዓይነት ስላለ ለደቡብ ኦሞ ቆላ ይስማማል፤ ለጤነኛ ዶሮ ብቻ ዓይን ውስጥ አንድ ጠብታ ይደረጋል፤ በየ3 ወይም 4 ወሩ ይደገማል። አንድ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ ስለሚበቃ ከጎረቤቶችዎ ጋር ተነጋግረው የወረዳውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ በአንድ ቀን ይጥሩ።