የአንጎል ሥራና የሚጥል በሽታ

የሰውነታችን አዛዥ አንጎል ነው። ክብደቱ በአዋቂ ሰው 1.4 ኪሎግራም ያህል ብቻ ሲሆን፥ ሰውነት ከሚያወጣው ኃይል ከአምስት አንዱን እጅ የሚወስደው እሱ ነው። በውስጡም 86 ቢሊዮን የሚያህሉ የነርቭ ሴሎች እንዳሉ ይገመታል። ከአንጎል ሥር ኅብለ ሰረሰር በጀርባ አጥንት ውስጥ ይወርዳል፤ ነርቮችም ከሁለቱ እየወጡ እስከ ጣት ጫፍ ይዘረጋሉ።

ሥራቸውን በምሳሌ እንመልከት። እጃችን የጋለ ምጣድ ሲነካ ወሬው በነርቭ ወደ ኅብለ ሰረሰር ይሮጣል። ኅብለ ሰረሰርም የአንጎልን ትእዛዝ ሳይጠብቅ እጅ እንዲሰበሰብ ጡንቻውን ያዛል። ሕመሙ የሚታወቀን ወሬው አንጎል ሲደርስ ነው፤ ስለዚህ እጃችን የሚሸሸው «አቃጠለኝ!» ከማለታችን በፊት ነው።

ወሬው በነርቭ ላይ የሚጓዘው በኤሌክትሪክ ኃይል ነው። ሐንስ በርገር የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም በ1924 እ.ኤ.አ. የሰውን አንጎል የኤሌክትሪክ ሞገድ በመሣሪያ መዘገበ። በደኅና ጊዜ ሴሎቹ እየተግባቡ በሥርዓት ይሠራሉ። ብዙዎቹ በአንድነት ያለ ልክ ሲነሣሡ ግን ሰውየው ራሱን ስቶ ሊወድቅና ሊንፈራገጥ ይችላል። የሚጥል በሽታ የምንለው ይህ ደጋግሞ ሲመጣ ነው።

እንግዲህ በሽታው የአንጎል ነው እንጂ የጋኔን አይደለም፤ በመንካትም ሆነ በለሃጭ አይተላለፍም። ነገር ግን በሰፈራችን የማውቃት አንዲት ልጅ በዚሁ ምክንያት ትምህርቷን አቋርጣ ቤት ውላለች። እኔ ይህን ትምህርት ስማር ያሰብሁት እሷን ነው፤ ልጅቱን ከበሽታው ይልቅ የጎዳት የሰው ፍርሃት ነውና።

ስለዚህ፥ ጓደኞቼ ሆይ፥ ሰው ሲወድቅ ብናይ አንሽሽ። ክብሪት ጭሮ ማሽተት አይጠቅምም፤ ያቃጥለዋል እንጂ። በአፉ ምንም አንክተት፤ እጅና እግሩንም በግድ አንያዝ። የሚጎዳውን ነገር ከአጠገቡ አርቀን፥ ከራሱ በታች ልብስ እናንጥፍለት። መንፈራገጡ ሲያበቃ በጎኑ እናስተኛው። ከ5 ደቂቃ ካለፈ ግን ፈጥኖ ወደ ሐኪም ቤት መውሰድ ያስፈልጋል።

ወላጆችም ይህን ቢያውቁልን መልካም ነው፤ ከ10 ሕሙማን 7ቱ ያህል መድኃኒታቸውን በሚገባ ቢወስዱ ከመውደቅ ሊድኑ ይችላሉ። መድኃኒቱን ያለ ሐኪም ፈቃድ ማቋረጥ ግን አደገኛ ነው። እንዲህ የታከመ ልጅ ከእኛው ጋር በአንድ ወንበር ተቀምጦ ሊማር ይገባዋል።