ከፍቺ በኋላ የሚከፈል የረጅም ጊዜ ቀለብ፦ የካሊፎርኒያ ፍርድ ቤቶች እንዴት ይወስናሉ?

የትዳር ጓደኛ ቀለብ ምንድን ነው?

የትዳር ጓደኛ ቀለብ ማለት ትዳር ሲፈርስ የተሻለ ገቢ ያለው ወገን ለሌላው እንዲከፍል ፍርድ ቤት የሚያዝዘው መተዳደሪያ ገንዘብ ነው። ከልጅ ቀለብ የተለየ በመሆኑ ልጅ ባልወለዱ ባልና ሚስት መካከልም ሊወሰን ይችላል።

ቀለቡ ቅጣት አይደለም። ካሊፎርኒያ ከ1970 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ፍቺን ከጥፋተኝነት ስለለየች፣ አንዱ በትዳሩ ላይ መወስለቱ የገንዘቡን መጠን ከፍ ዝቅ አያደርግም። የቤት ውስጥ ጥቃት ግን ይታያል።

ቀመር ለምን አይበቃም?

ክርክሩ ሳያልቅ የሚከፈለው ጊዜያዊ ቀለብ ይባላል። ዓላማው እስከ ፍርድ ድረስ ኑሮ እንዳይናጋ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ የሁለቱ ገቢ በኮምፒውተር ቀመር ተሰልቶ ይወሰናል።

በመጨረሻው ፍርድ ላይ ዳኛው በዚያ ቀመር መተማመን አይችልም፤ በቤተሰብ ሕጉ አንቀጽ 4320 የተዘረዘሩትን ነጥቦች መመርመር ግዴታው ነው። ይህ ተገቢ ነው፤ የደመወዝ ወረቀት የዛሬውን ገቢ እንጂ በትዳሩ ዘመን ማን ምን እንደተወ አያሳይም።

ዳኛው ምን ይመዝናል?

መነሻው ባልና ሚስቱ አብረው ሲኖሩ የነበራቸው የኑሮ ደረጃ ነው። ቀጥሎ የጠያቂው ፍላጎትና የከፋዩ አቅም፣ ዕድሜ፣ ጤና፣ ንብረትና ዕዳ ይታያሉ።

አንዲት ነርስ ባሏ ሕክምና ተምሮ እስኪጨርስ ቤቱን በደመወዟ አስተዳደረች፤ ከዚያም ልጆች ለማሳደግ ሥራዋን ለቀቀች እንበል። ከ12 ዓመት በኋላ ሲፋቱ የሙያ ፈቃዷ ጊዜው አልፎበታል፣ የሥራ ልምዷም ተቋርጧል። ሕጉ ሁለቱንም ይቆጥርላታል፦ ለባሏ ትምህርት ያደረገችውን አስተዋጽኦም፣ ቤት በመዋሏ ያጣችውን የገቢ አቅምም። ፈቃዱን ለማደስ ምን ያህል ጊዜና ገንዘብ እንደሚያስፈልጋት ለማወቅ ፍርድ ቤቱ በሥራ ብቃት ገምጋሚ ባለሙያ እንድትመረመር ሊያዝዝ ይችላል።

እስከ መቼ ይከፈላል?

የትዳሩ ዕድሜ የሚቆጠረው ከጋብቻው ቀን አንስቶ እስከተለያዩበት ቀን እንጂ እስከ ፍቺው ፍርድ አይደለም። ከ10 ዓመት በታች ለቆየ ትዳር የተለመደው መነሻ የትዳሩ ግማሽ ዘመን ነው፤ የ6 ዓመት ትዳር ወደ 3 ዓመት ገደማ ያስከፍላል።

10 ዓመትና ከዚያ በላይ የቆየ ትዳር በአብዛኛው ረጅም ይባላል፤ ፍርድ ቤቱም ጉዳዩን ወደፊት የማየት ሥልጣኑን ይዞ ይቆያል። ይህ የዕድሜ ልክ ክፍያ ማለት አይደለም።

ውሳኔው መቼ ይለወጣል?

ተቀባዩ በተመጣጣኝ ጊዜ ራሱን እንዲችል ይጠበቃል። ነገር ግን በ1988 (እ.ኤ.አ.) የይግባኝ ፍርድ ቤት፣ ሥራ አልፈለገችም ተብሎ ቀለቧ የተቋረጠባትን ሴት ጉዳይ አይቶ ውሳኔውን ሽሮታል፤ ምክንያቱም ራሷን እንድትችል እንደሚጠበቅባት አስቀድሞ አልተነገራትም። ከዚያ ወዲህ ዳኞች ይህን ማስጠንቀቂያ ይሰጣሉ፤ ትዳሩ ረጅም ከነበረ ግን ተገቢ ሆኖ ካላገኙት ሊተዉት ይችላሉ።

ከአንዱ ሞት ወይም ከተቀባዩ ዳግም ጋብቻ በኋላ፣ በጽሑፍ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ቀለቡ ይቆማል። ተቀባዩ ሳያገባ ከፍቅር ጓደኛ ጋር አብሮ ቢኖር ፍላጎቱ እንደቀነሰ ይገመታል፤ ግምቱን በማስረጃ የማፍረስ መብት ግን አለው።