ለእህቴ ልጅ፦ ስለ መጀመሪያው የታዳሽ ኃይል ኮርስሽ

እናትሽ ትናንት ደውላ በዚህ ሴሚስተር የታዳሽ ኃይል ምህንድስና መግቢያ እንደምትወስጂ ነገረችኝ። ተማሪዎች «ቀላል ኮርስ ነው» እያሉ እንደሚንቁትም ሰማሁ። አንቺ አትናቂው፣ ልጄ። ሠላሳ ዓመት በዚህ ሥራ ኖሬ የሠራኋቸው ከባድ ስህተቶች ሁሉ ከመግቢያው ምዕራፍ ያልዘለሉ ነበሩ።

1. ኪሎዋትንና ኪሎዋት ሰዓትን ለይተሽ እወቂ። ቤታችሁ ያለው የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይስባል፤ ይህ የአሳሳቡ ፍጥነት ነው። እናትሽ ሳታቋርጥ አንድ ሰዓት ብትጋግር ቆጣሪው 3.5 ኪሎዋት ሰዓት ይቆጥራል። አሁን ባለ 300 ዋት ፓነል ውሰጂ። በቀን የአምስት ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ቢያገኝ የሚሰጠው 1.5 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ ያውም በሙቀት፣ በሽቦና በባትሪ የሚባክነው ሳይቀነስ። ስለዚህ ለአንድ ሰዓት እንጀራ ሦስት ፓነል ቀኑን ሙሉ መልቀም አለበት።

እኔ ይህን የተማርኩት በሰው ድካም ነው። ከዓመታት በፊት ለአንድ የገጠር ጤና ኬላ ሶላር ስተክል የአምፖሎቹንና የክትባት ፍሪጁን ዋት ደመርኩ፤ ፓነሉ ከድምሩ ስለበለጠ በቂ መሰለኝ። ፍሪጁ ሌሊቱንም እንደሚሠራ፣ ደመና ሦስትና አራት ቀን ሊከታተል እንደሚችል በሰዓት አባዝቼ አላሰላሁም። የአሲድ ባትሪዎቹ ሌሊት ሌሊት እስከ ታች እየተሟጠጡ ዓመት ሳይሞላቸው ሞቱ። ለጥገና ስመለስ የጤና ሠራተኛዋን በር ላይ አገኘኋት፤ ክትባቱን በበረዶ ሣጥን ይዛ በእግሯ ወደ ወረዳው ከተማ ልትነሳ ነበር። የሣጥኑ ማንገቻ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ በልቶት ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ በሰዓት ያላባዛሁት ቁጥር ከእጄ ወጥቶ አያውቅም።

2. መጽሐፉ የተጻፈበትን አገር ጠይቂ። አብዛኛው የሶላር መጽሐፍ «ፓነሉን ወደ ደቡብ አዙር፣ በደንብ አዘንብለው» የሚለው በሰሜን አውሮፓ ሰማይ ሥር ላለ ሰው ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። ሰኔ 14 አካባቢ ደመናው ከገለጠልሽ ግቢያችሁ ውስጥ አንድ ሜትር ዱላ ቀጥ አድርገሽ ትከዪና ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ ጥላውን ለኪ። ጥላው ወደ ደቡብ ይወድቃል፤ ርዝመቱም 25 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ፀሐይዋ ከሰሜን በኩል ናት ማለት ነው! ታኅሣሥ 12 ላይ ደግሞ ያው ጥላ ወደ ሰሜን ዞሮ ከ60 ሳንቲ ሜትር ያልፋል። ስለዚህ እኛ ዘንድ ፓነል ብዙ ማዘንበል አያስፈልገውም፤ 10 ወይም 15 ዲግሪ ያህል ይበቃዋል፣ ይህም ዝናቡ አቧራውን አጥቦ እንዲወርድ ጭምር ነው።

አየሩም እንዲሁ ነው። በነፋስ ቀመር ውስጥ የአየር እፍጋት 1.225 ተብሎ ታገኛለሽ፤ በኪሎ ግራም በሜትር ኪዩብ። ይህ የባሕር ጠለል ቁጥር ነው። ከአዳማ በላይ ባሉት ኮረብቶች አየሩ ሳስቶ ወደ 1.0 ይጠጋል፤ ስለዚህ በዚያው ፍጥነት የሚነፍስ ነፋስ ከኃይሉ ከአምስት እጅ አንዱን ያህል ያጎድላል። ፈተና ላይ 1.225 ከተሰጠሽ በእሱ ሥሪ፤ ሜዳ ላይ ግን የአገርሽን አየር ለኪ።

3. ቀመር ከመሸምደድሽ በፊት ምክንያቱን ለራስሽ ተናገሪው። አልበርት ቤትዝ በ1919 እ.ኤ.አ. ተርባይን ከነፋሱ ኃይል ከ59.3 በመቶ በላይ መውሰድ እንደማይችል አሳየ። ለምን? ሁሉን ከወሰደ አየሩ ከተርባይኑ ክንፍ ጀርባ ይቆማል፤ የቆመ አየር ደግሞ ለሚመጣው መንገድ ይዘጋል። ይህን ለእናትሽ ቡና ላይ ማስረዳት ከቻልሽ ገብቶሻል።

4. ከክፍል ውጡ። የክፍላችሁን ልጆች አስተባብሪና አንድ ቅዳሜ አዳማ ሂዱ። የመጀመሪያው የነፋስ ጣቢያ 34 ተርባይኖች አሉት፣ እያንዳንዱ 1.5 ሜጋዋት፣ በድምሩ 51። እዚያው ቅርብ ቆቃ አለ፤ ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ በአዋሽ ውኃ የሚሠራ ግድብ። ሁለቱን በአንድ ቀን ማየት ከንግግር ሁሉ የሚበልጠው ለዚህ ነው፦ በበጋ የግድቡ ውኃ እየሸሸ ሲሄድ ነፋሱ ይበረታል፤ ክረምት ላይ ነፋሱ ሲደክም ግድቡ ይሞላል። እኔ ይህን መደጋገፍ እንደ ስጦታ ነው የማየው። አገራችንን የሚመግበው ግድብ ብቻ እንዲሆን የሚመኝ ሰው ድርቅ የመጣበትን ዓመት ረስቷል።

5. የማገዶ ምድጃው ምዕራፍ ሲመጣ ከክፍል አትቅሪ። ብዙው ቤት ዛሬም የሚያበስለው በእንጨትና በኩበት ነው።

6. መልቲሜትሬን በወንድምሽ እልክልሻለሁ። ፊውዙን ቀይሬዋለሁ። አምፔር ከለካሽበት በኋላ ቀዩን ሽቦ ሳትመልሺ ቮልት ልትለኪ ከሞከርሽ ግን እንደገና ይቃጠላል፤ እኔም ያቃጠልኩት እንዲያ ነው። ፓነል ደግሞ ፀሐይ እስካየ ድረስ ማጥፊያ የለውም። አሥሩ በተርታ ሲያያዙ ከ300 ቮልት በላይ ይደርሳሉ፤ ያ ዲሲ ነው፣ ብልጭታው ቶሎ አይጠፋም። ጭነት ላይ ያለ ማያያዣ አትንቀይ። ላብራቶሪ ስትገቢ ቀለበትሽንና ሐብልሽን አውልቀሽ ለጓደኛሽ አስይዢ፤ የመጀመሪያውን ልኬት ወስደሽ ስትጨርሺም፣ ቁጥሩን ይዘሽ ደውዪልኝ።